ጅማ መርካቶ አካባቢ ያለ የብስክሌት ጥገና ቤት፦ በዝገት የተያዘ ቀለበት ከቴላዮ ላይ እንዴት እንደወጣ

ጅማ ውስጥ ብስክሌት የሚጠግን ሰው አይጠፋም። ጎማ የሚለጥፍ፣ ፍሬን የሚያስተካክል፣ የላላ ካቴና የሚያሳጥር ባለሙያ በየሰፈሩ አለ። ከቴላዮው (ከብስክሌቱ ዋና አካል) ጋር በዝገት ተጣብቆ አልላቀቅ ያለን ባለጥርስ ዕቃ ቴላዮውን ሳይጎዳ የሚያወጣ ግን እንደ ልብ አይገኝም። ይህን ግምገማ የምጽፈው እንዲህ ያለውን ሥራ በሚገባ የሚሠራ ቤት መርካቶ አካባቢ ስላገኘሁና ሥራውንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጠገቡ ሆኜ ስለተከታተልሁ ነው። ቤቱ ሰሌዳ የለውም፤ በሩ ላይ የተንጠለጠሉት አሮጌ ቸርኬዎች ናቸው ምልክቱ። ባለቤቱ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ሲሆኑ ሁለት ወጣት ረዳቶች አሏቸው፤ ሁሉም ጋሼ ስለሚላቸው እኔም በዚሁ መጠሪያ እቀጥላለሁ።

የተጣበቀው ዕቃ የፔዳሉ ዘንግ በሚያልፍበት አጭር ቱቦ ውስጥ የሚገባው ክፍል ነበር። ይህ ቱቦ የመቀመጫው ቱቦና ከመሪው የሚወርደው ቱቦ ከታች የሚገናኙበት ቦታ ላይ የተበየደ ሲሆን፣ ውስጡ እንደ ዳዶ በጥርስ የተቀረጸ ነው። በብዙዎቹ የተራራ ብስክሌቶች ላይ ዘንጉና ኩሽኔታዎቹ በአንድ ላይ ታሽገው እዚያ ውስጥ ይገባሉ፤ ከዚያም በቀኝና በግራ በኩል ጥርስ ባላቸው ሁለት ቀለበቶች ይታሰራሉ። የቀኙ ቀለበት ብዙውን ጊዜ ከታሸገው ክፍል ጋር አንድ አካል ነው፤ የግራው ለብቻው ይወጣል። የእኔ ብስክሌት አገልግሎት ላይ ቆይቶ የተገዛ፣ ቴላዮው የብረት የሆነ የተራራ ብስክሌት ነው። ወደ ጅሬን ዳገቱን ስወጣ ከፔዳሉ ሥር የመንቋቋት ድምፅ ይሰማ ጀመር፤ ቆይቶም የፔዳሉ ክንድ በእጅ ሲገፋ ወደ ጎን ይነቃነቅ ስለነበር፣ ኩሽኔታው ማለቁና ክፍሉ መለወጥ እንዳለበት ግልጽ ሆነ።

የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደዛገ አይጠይቅም። ከተማዋ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ዝናቡም በክረምት ብቻ የሚወሰን ሳይሆን ከበልግ ጀምሮ ወራት ተሻግሮ የሚዘልቅ ነው። ውኃው የሚገባው ብዙ ሰው እንደሚያስበው በፔዳሉ በኩል ብቻ አይደለም። በመቀመጫው ቱቦ አፍ ላይ ባለችው ስንጥቅ በኩል ሰርጎ ቱቦውን ይዞ ይወርድና ከታች ባለው አጭር ቱቦ ውስጥ ይጠራቀማል። ብስክሌትን ላቫጆ ወስዶ በኃይለኛ ውኃ ማስረጨትም ያንኑ ያባብሳል። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ የሚይዝ ነገር ነው፤ በቀለበቱ ጥርስና በቴላዮው ጥርስ መካከል ያለችውን ጠባብ ክፍተት ሞልቶ ሁለቱን እርስ በርስ ያስጨንቃቸዋል። ሲገጠም ግሪስ ያልተቀባ ከሆነ፣ ከጥቂት ክረምት በኋላ በተራ ጉልበት አይፈታም።

ወደ ጋሼ ቤት ከመሄዴ በፊት ብስክሌቱን ሌላ ጥገና ቤት ወስጄ ነበር። እዚያ የግራው ቀለበት ያለ ችግር ወጣ። የቀኙን ግን እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ለመፍታት ሞከሩ፤ እንቢ ሲል በመፍቻው ላይ ረጅም ቧንቧ ቀጥለው ሁለት ሰው ገፋው፤ በመጨረሻም መፍቻው ተንሸራቶ የቀለበቱን የውስጥ ጥርሶች ላጫቸው። ይህን ክፍል ለመፍታት የሚያገለግለው መፍቻ 20 ጥርስ ያለው፣ ወደ ቀለበቱ ውስጥ ገብቶ የሚይዝ ነው፤ ጥርሶቹ ጥልቀት ስለሌላቸው መፍቻው በሌላ ብሎን ካልታሰረ በቀላሉ ይወጣል። ቀለበቱ የተላጨው ለዚህ ነው። ከዚህ የባሰው ግን ያ ሁሉ ጉልበት ሲጠፋ የነበረው ለማጥበቅ መሆኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአብዛኛው ዓለም በተሰራጨው፣ የእንግሊዝ በሚባለው መለኪያ፣ የቀኙ ቀለበት ጥርስ የግራ ነው፤ ማለትም ከቀኝ በኩል ሆኖ ለሚመለከተው ሰው የሚፈታው በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ሲዞር ነው። የግራው እንደተለመደው ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ፔዳሉ ሲመታ በኩሽኔታው ውስጥ ያሉት ጥይቶች (ትንንሽ የብረት ኳሶች) እየተሽከረከሩ ቀለበቱን ዘንጉ ከሚዞርበት በተቃራኒ ቀስ በቀስ ሊያዞሩት ይጥራሉ፤ የቀኙ ጥርስ የተለመደው ዓይነት ቢሆን ኖሮ በመንገድ ላይ ራሱን እየፈታ ይወጣ ነበር። በጣሊያን መለኪያ የተሠሩ ቴላዮዎች ግን በሁለቱም በኩል የተለመደውን ጥርስ ይጠቀማሉ፤ በዚህም ምክንያት የቀኙ ቀለበታቸው እየላላ ማስቸገሩ የታወቀ ነው። ስለዚህ አንድ ባለሙያ ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት የትኛው መለኪያ እንደሆነ ማወቅ ግዴታው ነው።

ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ብስክሌቱን አገላብጠው ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ይኼን በየት በኩል ነው ሲያዞሩት የነበረው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው ምንም ሳይሉ ካሊፐር አስመጥተው የቱቦውን ስፋት ለኩ። 68 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። የጣሊያኑ 70 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ የሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በዓይን አይታመንም፤ ቀለም የተከመረበት ወይም በሞረድ የተነካ ቱቦ ደግሞ ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ በግራ በኩል ቀድሞ የወጣውን ቀለበትም ለክተው የውጭ ስፋቱ ወደ 35 ሚሊ ሜትር መሆኑን አረጋገጡ፤ የጣሊያኑ ቢሆን 36 ይሆን ነበር። ከዚያ በኋላ በጠመኔ ቴላዮው ላይ ቀስት ሣሉ። ረዳቶቻቸው ሥራውን እየተቀባበሉ ስለሚሠሩ፣ ያቺ ቀስት ሥራው እስኪያልቅ ድረስ እንዳትጠፋ አዘዙ። እኔ በዚህ ቤት ላይ እምነት ያደረብኝ በዚህች ሰዓት ነው።

ዋጋውንም በየደረጃው አስቀድመው ነገሩኝ። በዘይት ብቻ ከወጣ ይህን ያህል፣ ብየዳ ካስፈለገ ይህን ያህል፣ ሁለቱም ካልሆነ ቀለበቱን ከውስጥ በሴጌቶ ሰንጥቆ ለማውጣት ይህን ያህል ብለው ለያዩት። የመጨረሻውን ለምን እንደሚፈሩት ሲያስረዱኝ፣ «ቀለበቱ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል፤ የቴላዮው ጥርስ ከተበላ ግን ከየት ይገዛል?» አሉኝ። በእርግጥም በሴጌቶ መሰንጠቅ የሚቻል ነገር ነው፤ ምላጩ ቀለበቱን በሙሉ ቆርጦ የቴላዮውን ጥርስ ከመንካቱ በፊት መቆም አለበትና የእጅን ልክ ማወቅ ይጠይቃል።

የመጀመሪያው ደረጃ ትዕግሥት እንጂ ጉልበት አልነበረበትም። ጎማዎቹንና ኬብሎቹን ፈትተው ቴላዮውን በጎኑ አስተኙት፤ በተከፈተው የግራ በኩል ዘይቱን ሲያፈሱት በታሸገው ክፍል ዙሪያ ወርዶ የቀኙ ጥርስ ላይ እንዲያርፍ ነው። የተጠቀሙት ዝገት የሚያላቅቅ የሚረጭ ዘይት ሲሆን፣ እሱ ሲያልቅ ናፍጣ ጨመሩበት። በየተወሰነ ሰዓቱ ቱቦውን ዙሪያውን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ ይመቱት ነበር፤ ምቱ ዝገቱን እየሰነጠቀ ለዘይቱ መንገድ ይከፍታል። ቴላዮው እንዲሁ ሆኖ አደረ። በማግሥቱ የተረፉትን ጥርሶች እንዲይዝ መፍቻውን በዘንጉ ብሎንና በወፍራም ሮንዴላ አስረው ሞከሩት። አልተንቀሳቀሰም፤ መፍቻው ሊንሸራተት ሲል ጋሼ ወዲያው አስቆሙ።

ሁለተኛው ደረጃ ብየዳ ነው። ቤቱ የራሱ የብየዳ ማሽን የለውም፤ ጎረቤት ያለ በያጅ ያሠሩታል፤ ጋሼ ግን ሥራውን አስረክበው አልሄዱም፤ እጃቸውን ቴላዮው ላይ አድርገው ቆመዋል። ከከባድ መኪና የወጣ ትልቅ ዳዶ መረጡ፤ ቀዳዳው ዘንጉን የሚያሳልፍ፣ ውጩ ግን ከቀለበቱ ፊት የማያልፍ። ከመበየዱ በፊት የቀለበቱ ፊት ላይ ያለውን የሚያብለጨልጭ ልባስ በሞረድ አስወገዱት፤ ዚንክ የተቀባ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ ነው። የፈሰሰውን ዘይትና ናፍጣ በጨርቅ ጠርገው አደረቁ፤ እሳት እንዳይነሳም ውኃ በባልዲ አጠገባቸው አስቀመጡ። በቱቦዎቹ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠመጠሙ። የመሬት ሽቦውን ደግሞ ቴላዮው ላይ ሳይሆን በዳዶው ላይ አስያዙት፤ ኤሌክትሪኩ በጥርሱ በኩል እንዳያልፍ ነው። ይህን የመሰለ ጥንቃቄ በትልልቅ ጋራዦችም ሁልጊዜ አይታይም።

ብየዳው የጠቀመው ዳዶ ስላስገኘልን ብቻ አይደለም። ቀለበቱ ሲግል ሊሰፋ ይሞክራል፤ ቱቦው ግን በዙሪያው ስላለ አይፈቅድለትም፤ በመካከል ያለው ዝገት ይደቃል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ቀለበቱ ተመልሶ ይጠብና ከቱቦው በጥቂቱ ይላቀቃል። ስለዚህ በያጁ እንደጨረሰ ወዲያው ለማዞር የተጣደፈውን ረዳት ጋሼ ከለከሉት፤ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ እንድንጠብቅ አደረጉ። ጥርሱ ላይ እንደገና ዘይት ጨመሩ። በዚህ መሀል ከአንድ ግንድ የተጠረበች የጅማ በርጩማ ቀርባልኝ ቡና ጠጣሁ፤ ለደንበኛ የሚሰጡት ክብር ሊመሰገን የሚገባው ነው።

ከዚያ የመጣው በቅርብ ማየት የሚያስደስት ሥራ ነበር። መፍቻ ወስዶ ዳዶውን ከማዞር ይልቅ ዳዶውን በትልቁ ሞርሳ ውስጥ አጥብቀው አሠሩትና ቴላዮውን ራሱን አዞሩት። የቴላዮው ርዝመት እንደ ረጅም ማንሻ ያገለግላል፤ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ሲይዘውም ኃይሉ በእኩል ስለሚያርፍ ዳዶው ወደ ጎን አይሰበርም። የቴላዮው ቀኝ ጎን ወደ ታች ዞሮ ስለነበር አቅጣጫው ሰውን ግራ ያጋባል፤ ከላይ ለሚያይ ሰው ቴላዮው መዞር ያለበት በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ነው፤ የጠመኔዋ ቀስት እዚህ ጋ ዋጋዋን አገኘች። አንደኛው ረዳት የመሪውን ቱቦ፣ ሌላኛው የኋላ ጎማ የሚታሰርበትን ጫፍ ይዘው ጋሼ ሲሏቸው አንድ ላይ ገፉ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቀጥሎ እንደ ጥይት የሚጮህ አጭር ድምፅ ተሰማ፤ ረዳቱ ደንግጦ ለቀቀው፤ የተሰበረ የመሰለው ሁሉ ግን ዝገቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ዘይት ጨምሮ እንደገና ወደ ፊት እያሉ አወጡት። ወደ ኋላ መመለሱ የተሰበሰበው የዝገት ብናኝ ጥርሱን እንዳይበላው ነው። ቀለበቱ ሲወጣ ጥርሱ በቡናማ ለጥ ያለ ዝገት ተሞልቶ ነበር፤ የቴላዮው ጥርስ ግን ሙሉ ነበር።

ጥርሱን ለማጽዳት የሚያስፈልገው ትክክለኛ መሣሪያ፣ የግራና የቀኝ የጥርስ ማውጫ፣ ቤቱ ውስጥ የለም፤ ዋጋውም ለእንዲህ ያለ ቤት ከባድ ነው። ጋሼ በምትኩ ከሌላ ብስክሌት የወጣ ተመሳሳይ የብረት ቀለበት ወስደው፣ ጥርሱን አቋርጠው የሚያልፉ ጥቂት መስመሮችን በሴጌቶ ቆርጠውበታል። ይህን ቀለበት ዘይት ቀብቶ ወደ ውስጥ ማስገባትና ማስወጣት ቆሻሻውን በመስመሮቹ ውስጥ እየሰበሰበ ያወጣል። አዲስ ጥርስ አይቀርጽም፤ ያለውን ግን በሚገባ ያጸዳል። አዲሱን ክፍል ከመግጠማቸው በፊት በባዶ እጅ ብቻ እስከ መጨረሻው እንደሚገባ አሳዩኝ፤ ጥርሱ መጽዳቱን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ፈተና የለም።

አዲሱ ክፍል ጅማ ውስጥ በዘንጉ ልክ ስላልተገኘ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከሚገኘው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ማስመጣት ግድ ሆነ። እዚህ ላይ ገዢ ሊያስተውል የሚገባው ሁለት ቁጥር አለ፤ የቱቦው ስፋትና የዘንጉ ርዝመት። የእኔው 68 በ122.5 ሚሊ ሜትር ነው። ዘንጉ ካጠረ ካቴናው የሚዞርበት የፊት ጥርስ ቴላዮውን ይፈጋል፤ ከረዘመ ደግሞ ካቴናው ሰያፍ ይሆናል። ሲገጥሙት ሁለቱንም ጥርሶች ግሪስ በደንብ ቀቡ፤ በቱቦው ሥር ያለችውንና በጭቃ ተደፍና የነበረችውን ትንሽ የውኃ መውጫ ቀዳዳም በሽቦ ከፈቱልኝ። መቀመጫው ከቱቦው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ቀለበት አጥልቀውበታል፤ ይህንንም ያለ ክፍያ ነው ያደረጉት።

ስለ ድክመቱም መጻፍ ይገባል። ደረሰኝ አይሰጡም፤ ለመሥሪያ ቤት ብስክሌት የሚያስጠግን ሰው ይቸገራል። የማጥበቂያ ልክ የሚለካ መፍቻ የላቸውም፤ ለዚህ ክፍል የሚመከረው ልክ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 70 ኒውተን ሜትር ሲሆን፣ እነሱ የሚያጠብቁት በእጅ ስሜት ነው። እርጥብ ጨርቁ ቢኖርም በቱቦው ዙሪያ የጣት ስፋት ያህል ቀለም ተቃጥሏል፤ ጥርሱ እስከዳነ ድረስ ይህን እንደ ትልቅ ጉዳት አልቆጥረውም፤ ነገር ግን የተጋለጠውን ብረት ቀለም ሳይቀቡ ማስረከባቸው በዚህ ዝናብ አገር ተገቢ አልነበረም። መብራት ሲጠፋ የብየዳው ሥራ ይቆማልና ቀን መቁረጥ አይችሉም። የእጅ ዋጋቸው በተናገሩት ላይ አንድ ብር አልጨመረም፤ ብየዳውን ጨምሮ የከፈልሁት ከአዲሱ ክፍል ዋጋ ያነሰ ነው።

ቴላዮው አሉሚኒየም ለሆነ ሰው ግን ይህንኑ መንገድ አልመክርም። የብስክሌት አሉሚኒየም ጥንካሬውን የሚያገኘው በሙቀት ከሚደረግ ሕክምና ስለሆነ፣ የብየዳ ሙቀት ያንን ጥንካሬ በቋሚነት ሊያሳጣው ይችላል፤ የብረት ቀለበት ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝም እርጥበት ካለ የሚፈጠረው መበላላት ከተራ ዝገት ይለያል። ይህን ለጋሼ ባነሣባቸው እሳቸውም በአሉሚኒየም ላይ ብየዳ እንደማያስነኩ፣ ዘይትና ሞርሳ ብቻ እንደሚጠቀሙ፣ ካልሆነ እንደሚመልሱት ነገሩኝ። አልችልም የሚለውን ሥራ ለይቶ የሚያውቅ ባለሙያ በመሆናቸው ለብረት ቴላዮ ያለ ማመንታት እልክባቸዋለሁ።

ለሚሄድ ሰው፦ ሐሙስ ገበያ ስለሆነ መንገዱም ቤቱም ይጨናነቃል፤ ዓርብ ከቀትር በኋላ ለጁምዓ ሶላት ይዘጋሉ። ጠዋት መሄድ ይሻላል። የወጣ ቀለበት ካለ አብሮ መያዝ ለመለካት ይጠቅማል፤ ከዚህ በፊት ሌላ ሰው ሞክሮት ከሆነም በየት በኩል እንዳዞረው መንገር ያስፈልጋል፤ ጋሼ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።